ረዳቱ እስኪያዝ ድረስ

ቀራንዮ ውስጥ «ሙዚቃ እሠራለሁ» ብትል ማንም አይደነግጥም። «የት ነው የምትጫወተው?» ይሉሃል፤ አንዱን ሆቴል ትጠራለህ፤ «በርታ» ብለውህ ያልፋሉ። ጣጣው የሚመጣው «ለጌም ነው የምሠራው» ያልክ ዕለት ነው። ለአከራዬ ይህንኑ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ፤ መርዶ የሚሰማ ሰው ቁጭ እንደሚለው።

«ጌም? ያ ሕፃናቱ ተሰብስበው የሚጮኹበት?»

«አዎ እማማ። እዚያ ውስጥ የሚሰማውን ሙዚቃ ነው የምሠራው።»

«እዚያ ውስጥ ሙዚቃ አለ እንዴ?»

በዚህ ሙያ ላይ ከዚህች ጥያቄ የበለጠ ጥልቅ ሂስ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የምሠራው በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጬዋለሁ። የእንቁላል ካርቶን ድምፅ እንደማያግድ፣ ቢበዛ ትንሽ ማስተጋባት እንደሚቀንስ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም ይለጥፈዋል፤ ካልተለጠፈ ስቱዲዮ አይመስልምና። ካርቶኑን ተሸክሜ ስገባ ያየኝ ሰፈርተኛ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው። አሁን በሬን የሚያንኳኳ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ «ድምፁን ቀንስ» የሚልና «እንቁላል ስንት ገባ?» የሚል።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ ለስልክ የሚሆን ጨዋታ ነው። ባለታሪኩ የሚኒባስ ረዳት ነው። ታክሲው ጥሎት ሄዷል፤ እሱም ከቀራንዮ ወደ ጦር ኃይሎች በእግሩ ይሮጣል፤ ከኋላው መልስ የቀረበት ተሳፋሪ ያሳድደዋል። እየሮጠ ሳንቲም ይለቅማል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ የበግ መንጋ ይሰነጥቃል። ጨዋታው አያልቅም፤ ረዳቱም ጦር ኃይሎች አይደርስም። (ጠዋት ጠዋት በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ይህን እንደ ፈጠራ አይቆጥረውም።) የማያልቅ ሩጫ እኛ የጀመርነው አይደለም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2018 «ኩኩሉ» የሚል ጨዋታ አውጥቷል፤ ገበሬ የሚያባርራት ዶሮ ናት ባለታሪኳ። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ያላሳደደ ሐበሻ ስለሌለ መመሪያ ማንበብ ያስፈለገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ዶሮ ተይዛለች፤ እኛ በረዳት መጣን።

ጨዋታውን የሚሠራው ልጅ አየር ጤና ነው የሚኖረው። ኮዱንም ሥዕሉንም ብቻውን ይሠራል፤ ለእኔ የቀረልኝ ድምፁ ነው። ትእዛዙ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ወንድሜ፣ አንዲት ደቂቃ የምትሆን ሙዚቃ ሥራልኝ፤ ለዘላለም የምትጫወት።»

ይህን ለዘፈን ሰው ብትነግረው ጤንነትህን ይጠራጠራል። ዘፈን መግቢያ አለው፣ አዝማች አለው፣ መጨረሻ አለው፤ ሲያልቅ ይጨበጨብለታል። የጌም ሙዚቃ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ራሱን መነሻው ላይ ያገኘዋል፤ ሰሚው መገጣጠሚያውን ካወቀብህ አለቀልህ። ረዳቱ ገና ከመነሣቱ ጉድጓድ ሊገባ ይችላል፤ ጎበዝ ልጅ ከያዘው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይሮጣል። ለሁለቱም የምትጫወተው ያችው አንድ ደቂቃ ናት። ስለዚህ ከልክ በላይ እንድታምር አይፈለግም፤ በጣም የሚያምር ዜማ በሃያኛው ዙር ጠላት ይሆናል። እንድትሰማ ሳይሆን እንዳትሰለች ነው የሚደከምላት።

ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ኤፍሞድና ዋይዝ የሚባሉ ሶፍትዌሮች አሏቸው። ተጫዋቹ ሲረጋጋ ሙዚቃውን ያሳሳሉ፣ ጠላት ሲቀርብ ከበሮ ይጨምሩበታል፣ ሊሞት ሲል ያስጨንቁታል። በትምህርት ቪዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ ይህን እንደ ታላቅ ግኝት ሲያስረዳ እያየሁ «ይሄማ አዝማሪ ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ አከራዬ ግድግዳውን መቱ።

እውነቴን ነው። አዝማሪው አንዲት አጭር ዜማ በማሲንቆው ይዞ ሲዞር ይቆያል። ገብተህ ስትቀመጥ ዝቅ አድርጎ ይመዝንሃል፤ ኮትህን፣ ያመጣሃትን ልጅ፣ ያዘዝከውን መጠጥ። «ተቀበል!» ካልከው ይቀበላል፤ ሳቅ ከሰማ ያከርራል። እጅህ ወደ ኪስህ ሲሄድ ሙገሳው ይረዝማል፤ ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ያነግሥሃል። እጅህ ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ ማሲንቆው አንዲት ምት ሳይስት ግጥሙ ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ቤቱ እስኪዘጋ መጨረሻ የለውም። ልዩነታቸው ኤፍሞድ የሚያነብበው የቀረህን ነፍስ ሲሆን አዝማሪው የሚያነብበው የቀረህን ብር መሆኑ ብቻ ነው።

ቤተ ክህነት ደግሞ ሁሉንም ቀድሟል። በንግሥ ዕለት ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ ያለ ጸናጽል ያደርሱታል። ከዚያ በዝማሜ መቋሚያው መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መረግድ ላይ ከበሮው ይገባል፤ ጽፋት ሲደርሱ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ስለ አቋቋም ከዚህ በላይ ብናገር የሚገሥጸኝ መሪጌታ ስለማይጠፋ ላብቃ። ብቻ ጃፓኖች በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ» የሚል ጨዋታ አወጡ፤ ሙዚቃው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ድምፆች ናቸው፤ ወራሪዎቹ እየቀረቡ ሲመጡ አራቱ ድምፆች ይፈጥናሉ። በ1985 ደግሞ ኮጂ ኮንዶ ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በደረሰው ሙዚቃ፣ የቀረው ሰዓት ከ100 በታች ሲወርድ ያው ዜማ ተጣድፎ ይመጣል። ዓለም አጨበጨበ። ጎንደር ቢሰማ «ጽፋት ነዋ!» ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

ማሪዮ የሚሮጥበት የዚያን ጊዜው የኒንቴንዶ ማሽን ድምፅ የሚያወጣባቸው መስመሮች አምስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ለዜማ፣ አንድ ለባስ፣ አንድ ለከበሮ የሚሆን ሹክሹክታ፣ አንድ ለተቀዳ ድምፅ። ጌም ሠሪዎች ይህን እንደ ገድል ይተርኩታል። በአምስት መጣበብ ግን ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ቅኝቶቻችን ሁሉ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም። ለረዳቱ ሩጫ ባቲን ሰጠሁት፤ ባቲ መንገድ ይወዳል። ተሳፋሪው ሲቀርብ ወደ አንቺሆዬ ይዞራል፤ አንቺሆዬ ድምፆቿ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ሰው ወንበሩ ላይ አይደላደልም። ረዳቱ ሲያዝ ደግሞ ትዝታ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ልጁ እዚህ ላይ ተቃወመ። «ወንድሜ፣ ተሸንፎ ሳለ ትዝታ ስታመጣበት የድሮ ፍቅረኛው ትዝ ብላው ስልኩን ይዘጋዋል። እኛ የምንፈልገው እንደገና እንዲጀምር ነው። ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል።» ትዝታ በሦስት ሰከንድ! ከሩብ ሰዓት በፊት ትዝታን የጨረሰ ሰው ሆድ የሌለው በሚባልበት አገር! ሠራሁት። አንዴ «ት» ብሎ ይቆማል።

አምባሰል ብቻ ቦታ አጣ። ልቤ ስላልቻለ በእሱ አንዲት ማሳያ ሠርቼ ውጭ አገር ላለ አንድ ጨዋታ ሠሪ ላክሁለት። «ደስ ይላል፤ ግን የምንፈልገው የኢትዮጵያ ነው፤ ይሄ የጃፓን ነው» ብሎ መለሰ። በሰውየው አልፈርድም፤ የአምባሰል አምስት ድምፆች ጃፓኖቹ ሚያኮ ቡሺ ከሚሉት ጋር ያው ናቸው። ዜማውን ሳልነካ ሥሩ ችክችካ አስገባሁና መልሼ ላክሁ። «አሁን ገና ኢትዮጵያ መጣች!» አለ።

የሥራው አስቀያሚ ጎን ፋይል ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኤምፒ3 ሲሠራ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ጸጥታ ይጨምራል። ለአልበም ምንም አይደለም፤ ለሚዞር ሙዚቃ ግን በየዙሩ ያንቀዋል፤ ስለዚህ የጌም ሰው ኦግ የሚባለውን ይመርጣል። ልጁ ደግሞ «ሰው ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚያወርደው፤ ከሁለት ሜጋ እንዳይበልጥ» ብሎኛል። እናም ስቴሪዮው ሞኖ ሆነ፤ ማሲንቆው ተባረረ፤ ቦታው ላይ ክራሩ ደርቦ ይሠራል፤ እንደ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ።

መቅዳቱ ነው ጉዱ። እዚሁ ሰፈር ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አለ፤ ፍራሽ በበሩ ላይ አቁሜ፣ ጋቢ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ አስቀምጠዋለሁ። ማይኩ ግን ዋሽንቱን ትቶ ሰፈሩን ይሰማል። ቆራሌው ያልፋል። ውሻው ለቆራሌው ይመልሳል። ከአንዱ ወገን አዛን፣ ከሌላው ስብከት ይመጣል፤ በመካከል የጎረቤት ብሌንደር። ሐምሌና ነሐሴማ አይታሰብም፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ያለ ክፍያ ከበሮ የሚመታ ሺህ ሰው ነው። አንድ ቀን በጣም የተዋጣለት የዋሽንት ቅጂ መሀል የእውነት ረዳት ከመንገዱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው!» እያለ ገባበት። ለአየር ጤናው ልጅ ላክሁለት፤ ዋሽንቱን ለማሰማት ነበር። «ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው? ምርጥ ነው!» አለ። ስለ ዋሽንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የረዳቱ ጩኸት አሁን ጨዋታው ውስጥ አለ፤ ባለቤቱ ግን አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። ከረዳት ላይ መልስ ያስቀረ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሙከራውን ያደረግነው መንገድ ዳር ባለው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው። ቤቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አራቱም ላይ እግር ኳስ፣ የአራቱም ድምፅ ጠፍቷል። ባለቤቱ ከባንኮኒው ሥር ባስቀመጠው ትልቅ ስፒከር የራሱን ምርጫ ያስጮኸዋል። ዓለም ላይ ስንት አቀናባሪ ለእነዚያ ጨዋታዎች እንቅልፍ እንዳጣ እያሰብኩ፣ ስልኩን ተራውን ለሚጠብቅ አንድ ታዳጊ ሰጠሁት። ልጁ ጨዋታውን ከፈተ። ረዳቱን አላየም፤ መንገዱን አላየም፤ በቀጥታ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ሙዚቃውን አጠፋው።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት፤ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ተጠንቅቄ።

«ጋሼ፣ ሙዚቃ ስልክ ያዘገያል። ባትሪም ይበላል።»

ከዚያ እንደ ንፋስ ሮጠ። በጣም ጎበዝ ነበር። አንቺሆዬ በሚገባበት ቦታ ሁሉ በዝምታ አለፈ።

ክፍያው «ሲሸጥ ድርሻህን ትወስዳለህ» ነው። ድርሻ ጥሩ ነገር ነው፤ ኪራይ ግን በድርሻ አይከፈልም። ወሩ ሲያልፍ አከራዬን ለማጽናናት የሙያዬን ክብር አነሣሁ። «እማማ፣ በ2005 ‹ሲቪላይዜሽን 4› የሚባል ጨዋታ ወጣ። የመግቢያውን መዝሙር ክሪስቶፈር ቲን የሚባል አሜሪካዊ ነው የደረሰው፤ በ2011 ግራሚ ተሸለመበት፤ ከጌም ሙዚቃ ግራሚ ያገኘ የመጀመሪያው ነው። በስዋሂሊ ነው የሚዘመረው። ምን እንደሚል ያውቃሉ? አቡነ ዘበሰማያት!»

አማተቡ። ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ሰው በጨዋታ እንኳ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ፣ አንተ መልስ የሚበላ ረዳት ታሯሩጣለህ?» አሉ።

ወደ አገር ቤት ሰው ተመለስኩ። ኃይሉ መርጊያን አነሣሁላቸው፤ የዋልያስ ባንዱን። ማሪዮ በወጣበት በዚያው በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ»ን። አሁን ስሰማው ይገርመኛል፤ የማሽኑ ምት ሳይደክም ይዞራል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ እየተመላለሰ አንድ ቦታ ሳይቸኩል ይሄዳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጌም ሙዚቃ እሱ ነው፤ የጎደለው ጌሙ ብቻ ነው። ሰውየው ከዚያ በዋሺንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

«አዩ እማማ፤ ሥራ አይጠፋም። 28 ዓመት ቆይቶ ተገኘ።»

«እኔ 28 ዓመት ኪራይ አልጠብቅም» አሉና ተነሡ።

ጨዋታው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የአየር ጤናው ልጅ ደወለ። «ወንድሜ፣ አንዲት ድምፅ ቀርታለች።» የሞከሩት ሰዎች ሙዚቃ ማጥፊያውን ሲነኩ ድምፅ ስለሌለው የነኩት አይመስላቸውም፤ ደግመው ይጫኑታል፤ የጠፋው ሙዚቃ መልሶ ይመጣባቸዋል፤ ይበሳጫሉ። «አጭር፣ ደስ የምትል፣ ሙዚቃው በእርግጥ እንደጠፋ የምታበሥር ትሁን።»

ክራሬን አወረድኩ። ሁሉም ሰው የሚሰማት ድምፅ እሷ ብቻ እንደሆነች ስለገባኝ ጥርት አድርጌ ቃኘሁ፤ ማይኩን አስጠጋሁ፤ ቆራሌው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ለልጁ ደግሞ ለዚህችኛዋ ድርሻ እንደማልቀበልና ብሩን በቅድሚያ በቴሌብር እንዲልክ ነገርኩት።

ሳይከራከር ላከ።