ቡና የከፈለልኝ ልጅ

«አደፍርስ»ን አንብቤዋለሁ እላለሁ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው፣ በአስቸጋሪነቱ ስሙ የገነነው «አደፍርስ»። ታሪኩ ደብረ ሲና አካባቢ ነው፤ እኔ ጣርማ በር ዋሻን ሳላልፍ አንቀላፋሁ። ግን መሐሉ ላይ ዕልባት ሰክቼ እንጅባራ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ጣል ሳደርገው ያምርብኛል። ዕልባቷን አልፎ አልፎ ወደፊት አራምዳታለሁ። እሷ ከእኔ ብዙ ሄዳለች።

የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» ደግሞ ከግርጌ ማስታወሻዎቹ ጀምሬ ወደ ላይ ልውጣ ብዬ ግርጌው ላይ ቀረሁ።

ይኸ ሳያንሰኝ ጄምስ ጆይስ ላይ ወጣሁ። አየርላንዳዊው 17 ዓመት ለፍቶ በ1939 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ፊኔጋንስ ዌክ» የአንድ ሌሊት ሕልም ነው ይባላል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ይቆምና መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀጥላል። ነገሩን የተዋሰው ታሪክ ይሽከረከራል ከሚለው ጣሊያናዊ፣ ከቪኮ ነው፦ የአማልክት ዘመን፣ የጀግኖች ዘመን፣ የሰዎች ዘመን፣ ከዚያ እንደገና ከሀ። ይህን ያወቅሁት መጽሐፉን አንብቤ እንዳይመስላችሁ። ስለ መጽሐፉ የተጻፈ አንብቤ ነው። በማግስቱ ግን ካፌ ውስጥ «ቪኮ እንደሚለው...» እያልኩ ነበር።

ከዚያማ የራሴን ልጽፍ ተነሳሁ። ዘንገና ሐይቅ ክብ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ዞረው ይመጣሉ፤ የቀረኝ ሕልም ብቻ ነው። ራስጌዬ ደብተርና እስክሪብቶ አኑሬ ተኛሁ። ጆይስ አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት አስተኝቶ የሰውን ልጅ ታሪክ በሙሉ አሳለመው። እኔ ቀበሌ ሰልፍ ላይ በካልሲ ቆሜ ፎቶ ኮፒ ስፈልግ አደርኩ። በማግስቱም ያው ሰልፍ፣ ያው ካልሲ። ወረፋዬ እንኳ አልተነቃነቀም።

ሕልም እንደፈቺው ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ድንችህን በልተህ ወዲያው ጋደም እያልክ ነዋ!» አለችኝ። አማልክቱም ጀግኖቹም በዚያው ቀሩ።

በቀደም ታዲያ አንድ ተማሪ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ እጅ ነሳኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የ‹አደፍርስ› መጨረሻ እንዴት ነው? ፈተና አለብን።»

መነጽሬን አወለቅሁ። ዕልባቷን አየኋት፤ ምንም አልረዳችኝም።

«መጨረሻ የሚባል ነገር የለም፤» አልኩት ኮስተር ብዬ፣ «ታሪክ ክብ ነው።»

ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ቡናዬንም ከፈለልኝ።