ፓወሩ ነው!

በኛ ሰፈር የታመመ ሰው ሐኪም ሊያጣ ይችላል፤ የታመመ የቪዲዮ ዴክ ግን ሐኪም አጥቶ አያውቅም። አንድ ቤት ዴክ አልበራ ካለ ወሬው ከግቢ ግቢ ይዛመትና ጠያቂ ይጎርፋል። የሚመጣውም ሁሉ ዕቃውን ሳያየው፣ «እንደምን ዋላችሁ» እንኳ ሳይል፣ ገና ከበሩ ምርመራውን ጨርሶ ነው የሚገባው፤ «ፓወሩ ነው!» ባለሱቁ ፓወሩ ነው ይላል። ወተት የምታመላልሰው ልጅ ፓወሩ ነው ትላለች። ጡረታ የወጡት ሻምበል ደግሞ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዴኩን በግራ በቀኝ ካዩት በኋላ፣ «ፓወሩ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» ብለው ያጸድቁታል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ የለም። እኔም አላየሁትም፤ ግን ፓወሩ እንደሆነ ገብቶኛል።

የሚያበግነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናችን ነው። ዴኩን በሪሞት አጥፍተን እንቅልፋችንን ስንለጥጥ ፓወሩ አይተኛም። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ሰዓቷን የሚያበራው፣ የሪሞቱን ትእዛዝ ነቅቶ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲግል ኖሮ ከሁሉ ቀድሞ ቢሞት ምን ይገርማል? ስለዚህ ዓይናችንን ጨፍነን ብንናገርም አንስትም። ሰፈራችን ዕውቀት ባይኖረው ዕድል አለው።

ለዛሬው ጨዋታ ሰበብ የሆነው የእማማ ዴክ ነው። (የሰፈሩ ሁሉ እማማ ስለሆኑ ስም አያስፈልጋቸውም።) ልጃቸው ከጂዳ ስትመለስ ያመጣችው ነው፤ ከሱ ጋር በ1988 ዓ.ም. የተቀረጸ የሠርጓ ካሴት አለ። ልጅቱ ወደ አሜሪካ ከተሻገረች ወዲህ፣ ዐውደ ዓመት በመጣ ቁጥር እማማ ካሴቷን ከቡፌው ያወጧታል፣ አቧራዋን ይጠርጓታል፣ መልሰው ያስቀምጧታል። ዴኩ ደህና በነበረ ጊዜ አንድም ቀን «እስቲ እንየው» ብለው አያውቁም። ዴኩ የተበላሸ ዕለት ግን ሠርጉን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አትፍረዱባቸው፤ እናንተም ቤት ጃንጥላው የሚፈለገው የጠፋ ቀን ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታ እንግዲህ ጥፊ ነው። በየቤቱ ለዚህ ሥራ የተመደበ ሰው አለ። ከላይ ይሁን ከጎን፣ በመዳፍ ይሁን በጡጫ፣ አንዴ ይሁን ሁለቴ፣ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኛ ቤት ሥልጣኑ የታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ አግብቶ ሲወጣ አባቴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለልጃቸው መስሎን ነበር፣ ለካ ለቲቪው ኖሯል። ጥፊው ደግሞ መሥራቱ! በሙቀት ብዛት የተሰነጠቀ ብየዳ ሲነቃነቅ ለጊዜው ይገናኝና ዕቃው ብድግ ይላል። እኛም «አያችሁ? ተገርፎ የማይስተካከል የለም» እያልን ለልጆች ማስፈራሪያ እናደርገዋለን።

የእማማን ዴክ ግን ጥፊ አልበገረውም። ሻምበል ሁለተኛውን ሕክምና አዘዙ፤ ፀሐይ። ያን ሰሞን በርበሬ ተሰጥቶ ስለነበር ከሰሌኑ ጥግ ቦታ ተለቀቀለትና ዴኩ ከዛላው ጎን ተሰጣ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ «እማማ፣ እሱንም ሊያስፈጩት ነው?» ይላል። ቀትር ላይ እየፋጀ ገብቶ ሲሰካ፣ በራ! ያን ቀን ሻምበልን የሚችላቸው አልተገኘም። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም። ፓወሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሆዳቸው ፈሳሽ የያዘ ነው፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ፈሳሹ እየደረቀ ይሄዳል። ሲሞቁ የቀረችው እርጥበት እንደምንም ሥራዋን ትሠራለች። ሌላው ሰው ለዚህ የፀጉር ማድረቂያ ይጠቀማል። እኛ የጀመርነው በበርበሬ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ዴኩ በተከፈተ ቁጥር ሳሎኑ ያስነጥሳል።

እንዲህ ዓይነት ዴክ አንዴ ከተነሣ ደህና ነው፤ ችግሩ መነሣቱ ላይ ነው። ስለዚህ ለዘላለም እንዳይነቀል ተፈረደ። ማከፋፈያው ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጠፈ። ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ዓይኑን ወደዚያ የጣለ እንግዳ ቡናው ሳይደርሰው ይሸኛል። መብራት ሲሄድማ አይነሣ፤ እኛ ቤት «ሄደ!» ሲባል እማማ ቤት ለቅሶ ነው። የሰፈር ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ ሁላችንም ሻማችንን እፍ እንላለን፤ እማማ ግን ዴካቸውን ታቅፈው ወደ ፀሐይ ይወጣሉ። የመብራት ነገር ሆኖ የሚመጣው ደግሞ ማታ ነው።

ሰዓቷን ሳልነግራችሁ። መብራት ሄዶ ዴኩ እንደገና በተነሣ ቁጥር 12፡00 ላይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ማስተካከያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በኢትዮጵያ ምድር ገና አልተወለደም። እማማን ቅር አይላቸውም። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ሊመሽ ነው» ይላሉ። እንግዳውም «ኧረ መሸብኝ» ብሎ ይነሣል። እዚያ ሳሎን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሊመሽ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሻምበል ካቻቢቴ ይዘው መጡ። «ጠግኖ ማየት እንጂ ቆሞ ማየት ምን ዋጋ አለው» አሉ። ሶኬቱን ነቀሉ፤ መንቀላቸውንም ለሁላችንም አሳዩን። ክዳኑን ከፍተው፣ ከፓወሩ ላይ ትልቁን ጣሳ መሳይ ካፓሲተር «ይቺ ናት» ብለው በጣታቸው ነኩ። ከግድግዳው የሚገባው 220 ቮልት እዚያ ሲደርስ ተጣርቶ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስንት ጦር ሜዳ አይተው ያልተበገሩት ሻምበል ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ሶፋው ላይ አረፉ። «ነቅዬዋለሁ እኮ!» ይላሉ ለዴኩ፣ እንደተከዳ ሰው። እግዜር አተረፋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዴኩን አንቱ ነው የሚሉት።

ወሬው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ደረሰ። ልጅቱ አልቻለችም፤ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ተመሳሳይ ዴክ ፈልጋ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ሰደደችው። መንገደኛው ለዴኩ ቦታ ለመልቀቅ የራሱን ጫማዎች ሁሉ ተጫምቶ ነው የመጣው ይባላል፤ እንዴት ሁሉንም ባንዴ እንደተጫማቸው እንጃ። የዴኩ ሶኬት የአሜሪካ ነው፣ ጥርሱ ጠፍጣፋ። ከሱቅ አስማሚ ተገዛ፤ ልክክ ብሎ ገባ፣ እልል ተባለ። ከዴኩ ጀርባ 120 ቮልት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ግን የዕቃ ጀርባ ማን ያነባል? ጧ! አለ። ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ያ የታወቀ ሽታ። ሽታውን ተከትሎ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ በሩ ላይ ያሉት ገና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ቀን ደግሞ ምርመራው ፍጹም ትክክል ነበር።

በመጨረሻ መርካቶ አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሄድን። የድሮው ዴክ በነጠላ ተጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ ከእማማ ጎን ተቀመጠ። ረዳቱ «የሁለት ሰው ነው» አለ። እማማ «እሱ እኮ በሽተኛ ነው» ብለው ቢከራከሩም አልሆነም፤ ዴኩ ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።

የጠጋኙ ሱቅ ከመሬት እስከ ጣሪያ ሆዳቸው የተዘረገፈ ዴኮች፣ ሪሲቨሮችና ቲቪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ አንዳንዱ ፕላስተር ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ባለቤት «ነገ ይደርሳል» የተባለው ከልጁ ልደት በፊት ነው። እማማ ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ከቤት ሳይወጡ የዴኩን እያንዳንዱን ቡሎን በልጅ ልጃቸው የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበታል፤ «ኦርጅናሉን እንዳይቀይርብኝ» ብለው። አጠገባቸው የነበሩት ሴትዮም ስፌታቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምረው የሪሲቨራቸውን ኦርጅናል እየጠበቁ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁት የሞተውን ነው እኮ። ኦርጅናሉ ደህና ቢሆን እዚህ ምን አመጣን?

«ኢንጂነር፣ ፓወሩ ነው አይደል?» አልኩት፣ ቀድሞ እንዳወቀ ሰው።

ከፈተና አሳየን። ካፓሲተሮቹ አናታቸው ሜዳ መሆን ሲገባው ሁለቱ አብጠዋል፤ የአንዱ እግር ሥር ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል። የሚገድላቸው ሙቀት ነው አለን፤ ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በምትካቸው 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈባቸውን እንደሚያደርግ፣ ቮልቱም ከድሮው እንደማያንስ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ እንደሚፈነዳ አስረዳን። እማማ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሙቀቱ ከየት መጣ? እኔ ቤት ብርድ ነው» አሉ።

ጠጋኙ ዴኩ የተጠቀለለበትን ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ደግሞ ተጣጥፎ አብሮ የመጣውን ዳንቴል አየ። «ይሄ ምን ላይ ነው የሚደረገው?»

«ዴኩ ላይ ነዋ!»

እንግዲህ የክዳኑ ሽንቁሮች የተሠሩት ትኩስ አየር እንዲወጣባቸው ነው። እኛ ደግሞ ሽንቁር ዓይናችን አይወድም። መጀመሪያ ዳንቴል እናለብሳለን፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የምርቃት ፎቶ። የአንድ ሰፈር ዴኮች የሚሞቱት በመብራት መቆራረጥ ብቻ መስሎን ስንቱን መሥሪያ ቤት ስናማ ኖረናል፤ ገዳያቸው ነጭ ጥበብ መሳይ፣ በኪሮሽ የተሠራ፣ በየሁለት ሳምንቱ በስታርች የሚታጠብ ነበር። እኔም ቤት አለ። ሪሲቨሬ ላይ ነው። አላነሣውም፤ ስድስት ወር የፈጀ የእጅ ሥራ ነው፣ ሪሲቨር እንደሆን ይገዛል።

«አዲስ ፓወር ሙሉውን አይገኝም ወይ?» አልኩት።

«ከየት ይመጣል? ይሄን ዓይነት ዴክ ጃፓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የመጨረሻው አምራች ፉናይ የሚባለው ኩባንያ ነበር፤ እሱም በ2016 አቆመ።»

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «አርባ ዓመት! አርባውም ወጥቶለታላ!»

ጠጋኙ ሳቀ። ከዚያ ከተቆለሉት መሀል የአንዱን የማይጠየቅ ዴክ ፓወር ነቅሎ ቮልቱን በቴስተር ለካና፣ ካፓሲተሮቹን በአዲስ ቀይሮ ለእማማ ገጠመላቸው። አሮጌዎቹን በፌስታል መለሰላቸው፤ እማማ ቆጥረው ተቀበሉ። አሁን ቡፌው ውስጥ ከምርጥ ሲኒዎች ጎን ተቀምጠዋል። በዚያው ካሴቷን ወደ ፍላሽ ሊገለብጥላቸውም ጠይቋቸው ነበር፤ ዴክም ፓወርም ሳያስፈልግ ቲቪው ላይ ተሰክቶ ይታያል አላቸው። እማማ ፍላሿን በሁለት ጣታቸው አገላብጠው አይተው፣ «ታዲያ በዚች ላይ ዳንቴሉን እንዴት አድርጌ ላልብሳት?» ብለው መለሱለት።

እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ እማማ ቤት ተሰበሰበ። ካሴቷ ገባች፤ ምስሉ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ጠራ። ሠርጉን የሚያይ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያየው ራሱን ነው። «እኔ የታለሁ?» «ይኸው! ይኸው እኔ! መልሱት!» ባለሱቁ ራሱን ሙሽራዋ ጀርባ ላይ ከነሙሉ ፀጉሩ አገኘና ሦስት ጊዜ አስመለሰው። ሻምበል በደንብ ልብስ ሲገቡ ታዩ፤ ከሶፋው ላይ ሆነው ለቲቪው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ እንኳ አንድ ጥግ ላይ እንጀራ ስጠቀልል ተገኘሁ፤ ቀሚሴ ምን ዓይነት ቀሚስ ነበር ጃል! እንደዚያ ስንባባል፣ አንዲት ልጅ «እማማ ግን የታሉ?» አለች። ፈለግን፤ አጣን። ካሴቱ ውስጥ እማማ የሉም። ለካ ያን ዕለት ጓዳ ሆነው ወጥ ሲያወጡ ነበር።

ዘወር ስንል አሁንም የሉም። ለኛ ቡና ሊያፈሉ ጓዳ ገብተዋል።

ረከቦቱን ይዘው ብቅ ሲሉ ካሴቱ አልቆ ወደኋላ ሲያጠነጥን ደረሱ። «አለቀ እንዴ?» አሉ። «ግድ የለም፣ ለፋሲካ አየዋለሁ። እናንተ ብቻ ስትወጡ ሶኬቱን እንዳትነኩብኝ።»