ከቦሌ እስከ ሆቴል፦ በኮንትራት ታክሲ ዋጋ አወሳሰን ላይ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ አኃዝ ለጥናታችን ምንም አይፈይድም። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚወስድ ታክሲ ዋጋ ከኪሎ ሜትር ጋር ዝምድና እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። የሚለካው መንገዱ ሳይሆን ተሳፋሪው ነው። ዋናው ግኝት ይኸው ስለሆነ፣ ውጭ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ አንባቢ ንባቡን እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል።

ሌሎች አገሮች ጉዳዩን ሳይመራመሩበት ዘግተውታል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከሻርል ደጎል ለሚነሳ ታክሲ ቁርጥ ታሪፍ አውጥታለች፤ ዋጋው የሚለያየው ሆቴሉ ከሴን ወንዝ በስተቀኝ ወይም በስተግራ በመሆኑ ብቻ ነው። ኒውዮርክም ከኬኔዲ ኤርፖርት ማንሃተን ድረስ መነሻውን 70 ዶላር ብላ ቆርጣለች። እንዲህ ያለ አሠራር ሹፌርና ተሳፋሪ ሳይተዋወቁ እንዲለያዩ ያደርጋል። ዋሽንግተን ላይ መሪውን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የአገራችን ልጅ ቢሆንም፣ እሱም በሜትር ይገዛል። ይኸው ሰው ለእረፍት መጥቶ ቦሌ ሲወርድ የሃያ ዓመት የታክሲ ልምዱ ምንም አያድነውም።

የቦሌው ግምገማ የሚካሄደው ተሳፋሪው ከበሩ ወጥቶ የሻንጣ ጋሪውን እስኪያቆም ባለችው አፍታ ነው። ሹፌሩ በመጀመሪያ ሻንጣ ያያል፤ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሆኑ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ሻንጣዎች ሰውየው ለዘመድ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ የመጣ መሆኑን ያስረዳሉ። ቀጥሎ በክንድ ላይ የተጣለ የክረምት ጃኬት ያያል። ቀጥሎ ሰውየው ቀና ብሎ ፎቆቹን እያየ «ኧረ አገሩ ተቀይሯል!» ማለት አለማለቱን ያዳምጣል። ይህች አስተያየት ለብቻዋ ታስከፍላለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ምልክት ተገኝቷል፦ ዋጋ ሲነገረው በልቡ ወደ ዶላር የሚቀይር ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልምድ ያለው ሹፌር ከንፈር ማንበብ ይችላል።

ድርድሩ የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

«ስንት ትወስደኛለህ?»

«ግባ ባክህ፣ አንጣላም።»

«አይ፣ ቁርጡን ንገረኝ።»

«ወንድሜ፣ የፈለግከውን ትሰጠኛለህ። እንኳን ለአገርህ አበቃህ!»

በዚህ ሁሉ ቁጥር አለመጠራቱን ልብ ይሏል። ቁጥሩ የሚጠራው ሻንጣው ከኋላ ተጭኖ ከተቆለፈበት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ነዳጅ መጨመሩ፣ መንገድ መዘጋጋቱና የሹፌሩ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አብረው ይጠራሉ። በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ደግሞ መንገዱ በእርግጥም ስለሚዘጋ፣ ሹፌሩ እውነት ለመናገር የሚገደድበት አሳዛኝ ሁኔታ ይፈጠራል።

ጥናቱ ያጋጠመው ከባዱ እንቆቅልሽ የቅርብ ሆቴል ነው። ስሙ ከተርሚናሉ በር ላይ ቆሞ የሚነበብ ሆቴል ፒያሳ ካለ ሆቴል ሊወደድ ይችላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ይመስላል፤ ሹፌሩን ሲጠይቁት ግን መልሱ ከብዙ ኢኮኖሚስቶች ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ ተራ ጠብቋል። ተራው ሲደርስ የአምስት ደቂቃ መንገደኛ ከገጠመው፣ ሲመለስ ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። ስለዚህ ተሳፋሪው የሚከፍለው ለመንገዱ ሳይሆን ሹፌሩ መቀመጫውን አጋድሞ ለተኛባቸው ሰዓታት ነው። እዚህ ላይ አጥኚው ከሹፌሩ ጋር ይስማማል፤ በዋጋው ግን አይስማማም።

በስልክ የሚጠሩት የሜትር ታክሲዎች ሲመጡ ዘርፉ ወደ ሳይንስ ይሸጋገራል ተብሎ ነበር። እውነትም ስልኩ ገና መኪናው ሳይደርስ ግምቱን ያሳያል። ከዚያ ሹፌሩ ይደውላል። «የት ነህ?» ይላል፤ ቀጥሎ «ወዴት ነህ?» ይላል፤ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሲስተም ነው በስምምነት?» ይላል። ሳይንሱ እስከዚህ ድረስ ይወስዳል።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ሲጀምር ኤርፖርቱ ከመስመሩ ውጭ ስለቀረ፣ ከዚህ ጥናትም ውጭ ቀርቷል። ሻንጣቸውን እየጎተቱ በእግራቸው በቅርብ ወዳለው አደባባይ ወጥተው ሚኒባስ የሚይዙ ቆራጦችም አሉ፤ ወያላው ለሻንጣው የአንድ ሰው ወንበር ሲያስከፍላቸው አይከራከሩም፣ ምክንያቱም ልክ ነው።

የሆቴሉ ነፃ መኪና ነፃነቱ የተረጋገጠ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ከሌላ በረራ የሚመጣው የመጨረሻው እንግዳ ሻንጣው ሲገኝለት ነው።

ከሁሉም ውዱ የዘመድ መኪና ነው። የአጎት ልጅ ያለ ምንም ክፍያ፣ ከነእቅፍ አበባው፣ ከሦስት አክስቶችና ከአንድ የማይታወቅ ሰው ጋር ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መንገደኛው ሆቴል መያዙን ሲናገር መኪናው ውስጥ ዝምታ ይሰፍናል። «ቤት እያለ ሆቴል?» ትላለች ታላቂቱ አክስት፤ ለረጅም ጊዜም ሌላ ነገር አትናገርም። የዚህ ጉዞ ሂሳብ ወዲያው አይቀርብም። መጀመሪያ የምሳ ነው፤ ከዚያ መኪናው «ትንሽ ነዳጅ» ይፈልጋል፤ ከዚያ ሻንጣው ሲከፈት በስም ያልተጠቀሰ ጫማ ለማን እንደመጣ ይጠየቃል። የማይታወቀው ሰው ቁጥሩ 42 እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ መንገደኛው ሆቴሉን ሰርዞ አክስቱ ቤት ሲያድር፣ ላላደረበት ክፍል የከፈለውም በትራንስፖርት ወጪ ስር ይመዘገባል።

ወደፊት አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ እንዲሠራ ታስቧል፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቀመሩ ይገባል የሚል መላምት ይዘን አንድ የቦሌ ሹፌር ጠየቅን። «እሱማ ይገባል» አለ፤ «ግን ባዶዬን ስለምመለስ መመለሻውንም ትችላለህ።»