እባቧ ግድግዳ ስትገጭ ትሞት ነበር ወይስ አትሞትም?

ያለሁት ሮቤ ነው፤ ሮቤ ስል የባሌዋ እንዳትመስላችሁ፤ የአርሲዋ ናት። ይህን ማስረዳት የለመድኩት ዕቃ ባስላክሁ ቁጥር ባሌ እየሄደብኝ ነው። በዚያ ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ሻይ ስጠጣ፣ ከአዳማ የመጣው የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ።

«አጎቴ፣ የእናንተ ዘመን ጌም ተገኘ። ሞክራት እስቲ።»

እባቧ ናት። ያችው ኖኪያ ላይ ምግብ እየለቀመች የምትረዝመው። አረንጓዴ ሆናለች፤ ኮፍያም ደፍታለች። ይሁን። ጥቂት አዟዟርኳትና ዳር ደርሳ ግድግዳውን ልትገጭ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በወዲያኛው በኩል ብቅ ብላ መንገዷን ቀጥላለች።

«ይቺ መሞት ነበረባት!» አልኩ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው መምህር ወዳጄ «ምን ሆነሃል? ድሮም ታልፍ ነበር» አለ። እንቅልፍ አጣሁ። ሰው በመሬት ድንበር ይጣላል፤ እኔ በእባብ ድንበር ተጣላሁ።

ዳር መድረስን ለእኔ ማን ያስተምረኛል? ያደግሁት በሬ ጠምጄ ነው። የእባቧ ጥበብ ደግሞ እርሻ እንጂ ሌላ አይደለም፦ ዳር ትደርሳለህ፣ ታጥፋለህ፣ ቅድም በሄድክበት ትልም ጎን ትመለሳለህ። ኮምባይነሩም ስንዴ ማሳ ላይ ዳር ሲደርስ ይዞራል። በሬ ዳር ደርሶ ዝም ብሎ ከቀጠለ የጎረቤት ማሳ ገባ ማለት ነው፤ በማግስቱ ሽማግሌ ይቀመጣል። በምሥራቅ ወጥቶ በምዕራብ የሚገባ በሬ የታየው በየትኛው አገር ነው?

ነገሩን እስከ ሥሩ ሄድኩበት። እባቧን ኖኪያ 6110 ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የጫናት ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የኖኪያ ባለሙያ ነው። ዘሯ ግን ከዚያ ይርቃል፤ በ1976 ግሬምሊን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ብሎኬድ የሚል ጌም አውጥቶ ነበር። እዚያ እባብ የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቾቹ በሄዱበት ሁሉ ከኋላቸው ግድግዳ እየተዉ አንዱ ሌላውን ያጥረዋል፤ የገጨ አበቃለት። ጌሙ ራሱ ግድግዳ ነበር! ለመምህሩ ነገርኩት።

«ሰማሁ» አለ ሻዩን እያማሰለ፤ «የእኔዋ ግን ታልፍ ነበር።»

የእኔዋ ኖኪያ 3210 ነበረች። 2 ወደ ላይ፣ 8 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ። 8 ቁጥሯ ከመነካካት ብዛት ተፍቆ ጎማው ብቻ ቀርቷል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ጀምሮ እስከ 2000 መባቻ (በእኛ አቆጣጠር ነው) የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ አልነበር? ለመደወል ሂሳብ የሌለው ሰው ስልክ ይዞ ምን ይሠራል? እባብ ያሳድጋል። እኔ በዚያን ጊዜ ያሳደግሁትን ከብት ባሳድግ ዛሬ ባለጸጋ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን የልጁ እባብ የራሷን ጅራት ነክሳ ሞተች። ተመስገን ልል ስል ስልኩ «ማስታወቂያ ተመልከትና ተነሳ» አለ። ልጁ ተመለከተ። እባቧ ተነሳች። ሞተች፤ ተመለከተ፤ ተነሳች። እዚህ ላይ የምሬን ተናደድኩ። በእኛ ጊዜ ከሞትክ ሞትክ፤ ጥፋቱም ያንተ ነው፤ ተሳድበህ ከአንድ ትጀምራለህ። አሁን ልጅን ሽንፈት እንዳይለምድ አድርገው፣ የገዛ ሽንፈቱን መልሰው ይሸጡለታል። ልጁ ሲሸነፍ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ሰው ከፍሎ ያስነሳዋል። ያ የሆነ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ! ኢንተርኔቱን የሚስበው ከእኔ ስልክ ነው፤ የሳምንት ጥቅሌ በአንድ ከሰዓት በእባብ ትንሣኤ አለቀ።

«አጎቴ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለእሱም ሻይ አዘዝኩለት።

ታዲያ በኋላ አንድ ነገር ደረስኩበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ3310 ጋር የመጣችው ሁለተኛዋ እባብ በእርግጥም ታልፋለች፤ የመምህሩ ባለ ባትሪዋ 1100 ላይ የነበረችውም እሷው ናት። ይህን ለመምህሩ እስካሁን አልነገርኩትም። ምን ያስቸኩላል?

ትናንት ማታ እኔ ቤት አምሽቶ ሊሄድ ሲል መብራት ጠፋ። ያችን 1100 ከኪሱ አውጥቶ ባትሪዋን አበራ፤ ዛሬም ትሠራለች። በበሩ ይወጣል ስል በጓሮ ዞሮ በአጥሬ ሽንቁር ሾልኮ ወጣ። ያችን ሽንቁር እደፍናለሁ ስል ሁለት ክረምት አለፈ፤ የባህር ዛፍ አጣና ደግሞ ዘንድሮ የማይቀመስ ሆኗል።