የጮኸ ይጣል

በገረሴ ከተማ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ባለቤቱ ዕቃውን የሚይዝበት መንገድ ለሠፈሩ ትምህርት ይሆናል። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ መጮኽ ከጀመረ ዕድሜው አልቋል፤ ዕድሜው ያለቀ ዕቃ ይጣላል፤ በቦታው አዲስ ይገዛል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው ባይታወቅም ጥበቡ ሊደነቅ ይገባዋል። አንድ ዕቃ የታመመበትን ቦታ ራሱ ከመናገር የበለጠ ምን ውለታ ሊውልልን ይችላል? እኛም ብድሩን እንመልሳለን፤ አፉን ከፍቶ በነገረን ዕለት ከቤት እናስወጣዋለን። ዝም ብሎ ውሃ የሚያፈስ፣ ዝም ብሎ መብራት የሚበላ ማሽን ግን ጨዋ ነውና ዓመት ከዓመት ይከርማል። ሥርዓቱ ሳያዳላ ቢሠራበትማ ምንኛ ባማረ! አዲሱን ማሽን ከአርባ ምንጭ ጭኖ ዳገቱን እያጓራ የሚወጣው አይሱዙ ገረሴ በደረሰ ማግስት ይጣል ነበር፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ የሚያስጮኸው የቆርቆሮ ጣሪያም እንዲሁ።

ጩኸቱ ምን እንደሚል ለመስማት የምህንድስና ዲግሪ አያስፈልግም፤ ይህ የሥርዓቱን ወዳጆች ሳያስከፋ አይቀርም። ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ከበሮውን በእጅ ማዞር ለመጀመሪያ ምርመራ ይበቃል። በጭመቃ ጊዜ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ጉርምርምታ ካለ፣ ከበሮውም ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት ከተቀመጠበት ገንዳ ተለይቶ ከተላወሰ፣ ጥፋተኛው ኩሽኔታው ነው። እሱም በገዛ ክፋቱ አልተበላሸም፤ ከፊቱ ሆኖ ውሃ የሚከለክለው ጎማ አርጅቶ የሳሙና ውሃ ስላሳለፈ፣ ግራሶው ታጥቦ ወጥቶ ብረቱ ዛገ እንጂ። ጎማውን ትቶ ኩሽኔታውን ብቻ የሚቀይር ሰው ያንኑ ጩኸት ቀጠሮ ሰጥቶ መጥራቱ ነውና ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ቺንጋው ይታያል። ውሃ ሲያስወጣ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ከኪስ የወደቀ ሳንቲም ወይም የሸሚዝ ቁልፍ ፓምፑ ማጣሪያ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ በእጅ ይፈታል። ማሽኑ እየዘለለ ከግድግዳ ጋር የሚላተም ከሆነ እግሮቹ እኩል አልቆሙም፤ ወይም ደግሞ፣ ብርዳማ አገር ነውና፣ አንድ ቡልኮ ብቻውን ተከቶበታል። ውሃ የጠጣ ቡልኮ በአንድ ወገን ተጠቅልሎ ከበሮውን ሲጎትት የትኛውም ፋብሪካ የሠራው ማሽን ይጮኻል። መድኃኒቱ ቡልኮውን ማውጣት ነው፤ እኛ የምናወጣው ማሽኑን ነው።

የጣዮቹን ልግስና በደንብ የሚያሳየው ግን ኮንክሪቱ ነው። ከፊት የሚከፈት ማጠቢያ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ከክብደቱ ቀላል የማይባለው ድርሻ፣ ከበሮው በጭመቃ ጊዜ እንዳይዘል ፋብሪካው ከውስጥ ያሰረው የኮንክሪት ብሎክ ነው። ኮንክሪት አይዝግም፣ አይጮኽም፣ የሚቀየር ኩሽኔታም የለውም። ማሽኑን በጣልን ቁጥር ግን ደህናውን ኮንክሪት ጥለን በዶላር ሌላ ኮንክሪት እንገዛለን፤ ባሕር አሻግረን፣ ከጅቡቲ ጭነን፣ ድንጋይ ወዳልጠፋበት የጋሞ ደጋ እናወጣዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ኮንክሪቱም ከብሯል። በአንጻሩ ጥፋተኛው ኩሽኔታ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቀለበት ነው። ጎኑ ላይ 6204 ወይም 6205 ወይም 6206 የሚሉ ዓይነት ቁጥሮች ይጻፉበታል፤ ቁጥሩም በዓለም ሁሉ አንድ ነው። 6205 የተባለው የትም ይሠራ የት፣ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ሞተርና በውሃ ፓምፕ ውስጥም ያው ነው። ማጠቢያ ማሽን አይቶ የማያውቅ መለዋወጫ ሻጭ እንኳ ቁጥሩን ከነገሩት ሊያቀብል ይችላል። ችግሩም ይኸው ይመስለኛል፦ በጥቂት ገንዘብ የሚድን በሽታ ምን ክብር አለው?

ይህ ጥበብ የበቀለበት መሬት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በዚያው በጋሞ ዞን፣ ጨንቻ ላይ፣ ዶርዜዎች ከቀርከሃ ጎንጉነው የሚሠሩት ቤት ሲታነጽ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ካስፈለገም ተሸክመውት ቦታ ይቀይሩታል። ምስጥ ነክቶታልና ይፍረስ ያላለ ሕዝብ ነው እንግዲህ፤ ዘመናዊነት ገና አልደረሰውም ነበር። የጠጋኝ እጅ ክብር ያጣው ግን ከማጠቢያ ማሽን በፊት ነው። በጋሞ ደጋ ማላ የሚባለው ገበሬ መሬት ይዞ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ላይ ሲናገር፣ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ለረጅም ዘመን ከመሬቱም ከዱቡሻውም ተገፍተው ኖረዋል። ገበሬው የሚያርስበትን ብረት የሚያድሰው ሰው ገበሬው በተቀመጠበት አይቀመጥም ነበር። በሌላውም የአገሪቱ ክፍል ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ስለኖረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ የከለከለው ስድቡን ነው፤ ንቀቱ ግን ዛሬ አይሳደብም፣ አዲስ ዕቃ ይገዛል። እጁን ግራሶ የነካው ሰው ማሽን ሲፈታ ጎረቤት ካየ ቤቱ እንደ ደኸየ ይወራል፤ አዲስ ካርቶን ከመኪና ሲወርድ ካየ ግን ቡና ሊጠጣ ይመጣል።

ተቃዋሚ ይኖራል፤ የሚለውም ሁሉ ከንቱ አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካ ከበሮው የሚቀመጥበትን ፕላስቲክ ገንዳ በሙቀት አጣብቆ ስለሚዘጋው ኩሽኔታውን ለማውጣት ገንዳውን መሰንጠቅ ወይም ሙሉውን መቀየር ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለው ማሽን ላይ ሒሳቡ ለጣዮች ሊያደላ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሲገዙ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ከመግዛቱ በፊት ያልጠየቀ ሰው ሲጥል ምሁር ሊሆን አይገባውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ አምራቾች ኩሽኔታን ጨምሮ ዋና ዋና የማጠቢያ ማሽን መለዋወጫዎችን፣ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለ10 ዓመት ለጠጋኞች እንዲያቀርቡ አስገድዷል። ማሽኑን የሚሠራው ሀብታም አገር መጠገንን በሕግ ሲያስከብር፣ ማሽኑን በብድር የሚገዛው መጠገንን ያፍርበታል። «አዲሱ መብራት ይቆጥባል» የሚለውም ክርክር በከፊል እውነት ነው፤ ይሁንና የማጠቢያ ማሽን መብራት አብዛኛው የሚሄደው ውሃ ለማሞቅ ነውና፣ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ያንኑ ቁጠባ ያለ ግዢ ያመጣል። «ጠጋኙ ያታልለኛል» ለሚለው፣ የተቀየረውን አሮጌ ኩሽኔታ አምጣ ማለት በቂ ነው፤ በጣት ሲያዞሩት ያጉረመርማል። የአደጋው ስጋት ከሁሉም የሚከበረው ነው፦ ሶኬት ሳይነቀል የሚነካ ምንም የለም፣ ኮንክሪቱም እግር ላይ ከወደቀ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው። የተጣለው ማሽን የት እንደሚደርስ ግን አብዛኛው ጣይ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታ፣ ተሰብስቦ በአግባቡ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። የእኛው ማሽን ከቀሪው ጋር እንዳይደባለቅ፣ ጣዮቹ በአክብሮት ከጓሮ ያቆሙታል፤ ዶሮ ይተኛበታል።

አዲሱም ማሽን አንድ ቀን ይደርሳል። ፋብሪካው ከበሮው መንገድ ላይ እንዳይናጥ ከጀርባው በረጃጅም ብሎኖች አስሮ ይልከዋል፤ ከመጀመሪያው እጥበት በፊት መፈታት እንዳለባቸውም መመሪያው በሥዕል ጭምር ያሳያል። ካልተፈቱ ከበሮው በሞላዎቹ ላይ መወዛወዙን ትቶ ንዝረቱን በሙሉ ለሣጥኑ ይሰጣል፤ ማሽኑ ከአሮጌው ብሶ ይጮኻል፣ ወለሉንም እየዘለለ ይሻገራል። በቤቱ መፍቻ የሌለው፣ ቢኖረውም ጎረቤት እያየ ማንሳት የሚከብደው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ስልኩን አንሥቶ የሚቀጥለውን ዋጋ አርባ ምንጭ ይጠይቃል።