ከወጥ በፊት፣ ከወጥ በኋላ፦ በእጅ መታጠብ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

እጁን እንደ ሐበሻ የሚታጠብ ሕዝብ የለም ሲባል እሰማለሁ። አባባሉን ለማረጋገጥ ሌሎች አገሮችን ዞሮ ማየት ያስፈልግ ነበር፤ አቅም ስላልፈቀደ ጥናቱ በአገር ውስጥ ብቻ ተወስኗል። የመስክ ሥራው የተካሄደው በሁለት ምግብ ቤቶች፣ በአንድ የለቅሶ ድንኳንና በአንድ ወዳጄ ቤት ነው። ወጪው በሙሉ፣ ከድንኳኑ በቀር፣ ከተመራማሪው ኪስ ወጥቷል።

አስቀድሞ የቃል ፍቺ ይቅደም። «እጅ መታጠብ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ሁለት የማይገናኙ ድርጊቶች ናቸው፤ ቋንቋችን በቁጠባ ምክንያት አንድ ስም ስለሰጣቸው ብዙ መደናገር ፈጥሯል። አንዱ ከምግብ በፊት የሚፈጸመው ነው፤ ሌላው ከምግብ በኋላ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይከናወናል። ማን ይቅደም በሚለው ላይ አጭር ክርክር ይደረጋል፤ ዕድሜ ያሸንፋል። የቀኝ እጅ ጣቶች ጫፍና ጫፋቸው ተሰብስቦ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቀው፣ ከኩስኩስቱ በምትወርደው ቀጭን ውኃ ሥር ይያዛሉ። አንድ ሁለቴ እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ። ግራ እጅ ለምስክርነት ይቀርባል። አውራ ጣት ውኃው ሲያልፍ ከዳር ሆኖ ያያል። ከዚያ «ይበቃል፣ ይበቃኛል ልጄ፤ ተባረኪ፣ እደጊ!» ይባላል። በስልኬ ሰዓት ስይዘው ውኃው ሦስት ሰከንድ ሲፈስ ምርቃቱ አምስት ሰከንድ ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና በውኃ የሚደረግ መታጠብ፣ ማድረቁን ጨምሮ፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንዲቆይ ይመክራል። ምርቃቱን ሳናሳጥር፣ ከወግ ማዕረጉ ጀምረን እስከ ልጅ ልጁ ብንዘልቅ እዚያው ገደማ እንደርሳለን። ችግሩ መራቂው «ተባረኪ» ላይ ሳለ እጁን መሳቡ ነው።

ሁለተኛው ፈጽሞ ሌላ ነው። እጅጌ ወደ ክርን ይሰበሰባል። ሳሙና ይጠየቃል፤ ያልመጣ እንደሆነ ይጮኻል። ጣት በጣት መካከል ይገባል፤ ጥፍር ሥር ይፈተሻል፤ መዳፍ ከላይም ከታችም ይታሻል፤ ለወትሮው የሚረሳው አውራ ጣት ሳይቀር ለብቻው ተይዞ ይፈገፈጋል። አፍ ይጉመጠመጣል፣ ጢም ያለው ጢሙን ይጨምራል። ከዚያ እጁ ወደ አፍንጫ ቀርቦ ይሸተታል። ፈተናውን ካላለፈ ሳሙናው ድጋሚ ይመጣል። አንድ የጤና መኮንን ቆሞ ቢያይ ምልክት የሚያደርግበት አንድም ስሕተት አያገኝም። ከሰዓቱ በስተቀር፤ ምግቡ አልቋል።

እንግዲህ ከሁለቱ ንጽጽር የሚወጣው ግኝት፣ በእኛ ዘንድ ጥበቃ የሚደረግለት እጁ መሆኑ ነው። የሚጠረጠረው ወጡ ነው። ከገበታ በፊት ያለው መታጠብ ለባለቤቱ አክብሮት ነው፤ ከገበታ በኋላ ያለው ግን ንጽሕና ነው። ላቦራቶሪው አፍንጫችን ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ በርበሬን፣ ነጭ ሽንኩርትንና ቅቤን በከፍተኛ ጥራት ይለያል። አሜባን ሲለይ ግን አልታየም።

በነገራችን ላይ፣ በገበታ ዙሪያ የሚፈራ አካል የለንም ማለት አይደለም። ዓይን አለ። ሰው ሲያየን አንበላም፤ መሶብ እንከድናለን፣ ጀርባችንን ወደ በር እናዞራለን፤ የጥንት ነገሥታት ደግሞ መጋረጃ አስጥለው ይበሉ ነበር። ከማዶ በሩቁ ያየ ዓይን ሆድ ያሳምማል ተብሎ ሲታመን፣ እንጀራውን ቆርሶ አፍ ድረስ ያመጣው እጅ ግን በተጠርጣሪነት ቀርቦ አያውቅም። በማግስቱ ሆድ ሲቆርጥም ምርመራው ተመሳሳይ ነው። «ትናንት የበላሁት ነው» ይባላል፤ ወይም ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል። ሁለት ቀን ከቆየ «ጃርዲያ ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ፍላጅል ይገዛል፤ ኪኒኑም በዚያው እጅ ወደ አፍ ይገባል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የምታስከትለውን ሺጌላ የመሰለች ባክቴሪያ ሰውን ለመጣል መቶ እንኳ መሆን አያስፈልጋትም፤ በጥፍር ሥር በቂ ቦታ አላት።

ሳይንሱ ለማንም አድልዎ የለውም። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፍ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። በዚህ የተነሣ የክትፎውን ቅቤ እንደሚያወልቀው ሁሉ፣ ብዙ ቫይረሶች የለበሱትን የቅባት ካባ ይተረትራል፤ የቀረውን ጀርም ከቆዳ አላቆ ለውኃ ያስረክባል። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ መልስ በሳሙና በሚታጠቡ ሰዎች ዘንድ የተቅማጥ በሽታ በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ከጎበኘኋቸው ምግብ ቤቶች በአንደኛው ሳሙናው ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ውስጥ ነበር፤ ላርጎ መሆኑን ያወቅሁት ከቀለሙ ነው። በየቀኑ ውኃ ስለሚጨመርበት፣ በሐሙስ ዕለት ምልከታዬ የቀረው ትዝታው ብቻ ነበር። ማድረቂያው ለአራት የተቆረጠ ሶፍት ነው።

በአፍንጫ መመራታችን ግን የሚያሳፍር አይደለም፤ ትልቅ አርአያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለ ሃንጋሪያዊ ሐኪም፣ ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል እናቶች አዋላጆች ከሚያዋልዱበት ክፍል ይልቅ በብዛት ለምን እንደሚሞቱ ሲመረምር ቆየ። ሐኪሞቹ ጥፋቱን በመጥፎ አየር ላይ ጥለውታል፤ እኛ ምች እንደምንለው ያለ ነው። እሱ ግን ሐኪሞቹ ጠዋት አስከሬን ሲከፍቱ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዶቹ እንደሚሄዱ አስተዋለ። ታጥበውም እጃቸው ይሸት ነበር። ሽታውን በሚገባ የሚያጠፋው የክሎሪን ኖራ ስለሆነ፣ በእሱ ታጠቡ ብሎ አዘዘ። በረኪናችን የዚያው ዘመድ ነው። በኤፕሪል 18 በመቶ ገደማ የነበረው የእናቶች ሞት በጁን ወደ 2 በመቶ ወረደ። ባልደረቦቹ አላመሰገኑትም። የተማረ ሰው እጅ ሞት ይዟል መባሉ ብዙዎቹን አስቀየማቸው። ሴመልቫይስ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ሲሞት፣ የገደለው የቁስል መመረዝ ነበር።

አገራችንም አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ሁለተኛው ዓይነት መታጠብ ተሸጋገረ፤ ያውም ሳይበላ። በየባንኩና በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ቆመ፤ ሽጉጥ ይፈትሽ የነበረ ጥበቃ እጅ ይፈትሽ ጀመር። ስልክ ስንደውል ሰውየው እስኪያነሣ ታጠቡ እየተባልን እንመከር ነበር። በዚያው ዓመት ማግስት፣ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዳዲስ የብር ኖቶች ይፋ ሆኑ፤ ለጥቂት ሳምንታት ገንዘባችንም ንጹሕ ነበር። ከዚያ የታክሲ ረዳቶች በጣቶቻቸው መካከል አጣጥፈው ያዙት። የሰፈራችን ባልዲ ዛሬ ጤና አዳም በቅሎበታል።

የአንጓ ሰላምታ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። የታጠበ ሰው ወዳጁ ሲመጣበት እጁን አጥፎ አንጓውን ያቀብላል። ይህን የፈለሰፈው አባት የተላላፊ በሽታ ሊቅ ነበር እላለሁ። የሚያሳዝነው፣ አንጓውን የሰጠው ሰው በዚያው በተረፈው መዳፉ ወንበር ይስባል፣ ስልኩን ያነሣል፣ ፀጉሩን ይዳብሳል። ከዚያ ያጎርሳል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ደግሞ ሁለተኛው አይቀርም፤ በመጀመሪያው ያልተላለፈ ነገር ካለ በሁለተኛው ይደርሳል።

በመጨረሻ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ከላይ በጠቀስኩት ወዳጄ ቤት፣ የአሥር ዓመት ልጁ ኩስኩስትና ሳፋ ይዛ ከፊቴ ስትቆም፣ ከምግብ በፊት መሆኑን እያወቅሁ «ሳሙና ይኖራል?» አልኩ።

ቤቱ ዝም አለ። ባለቤቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና አየችኝ። «ምነው፣ ምን ነክተህ መጣህ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ከቅያሜ ይልቅ ርኅራኄ ነበር። ወዳጄ ሊያድነኝ ፈልጎ «ኧረ እጁ ንጹሕ ነው፤ አሁን ከቢሮ ነው የመጣው» አለ። ከእኔ ቀድመው የታጠቡት አባቱ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱ፤ ከዚያም እኔን። ሳሙና የጠየቅሁት ለእኔ ቢሆንም፣ በሳቸው ላይ የተናገርኩ ያህል ሆነ። ሙከራው መቋረጥ ነበረበት። «ኧረ እንዲያው ለወጉ ነው» ብዬ ጣቶቼን ሰብስቤ ዘረጋሁ፤ ሦስት ሰከንድ፤ «ተባረኪ፣ እደጊ»።

ዶሮው ግሩም ነበር። ሁለት ጉርሻ ተቀበልኩ፣ ሁለት መለስኩ።

ገበታው ሲነሣ ሳሙናው ማንም ሳይጠይቀው፣ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ሆኖ፣ ከተተኮሰ ፎጣ ጋር መጣ። ሐሳቤ ወደ ማስታወሻ ደብተሬ ሄዶ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ታጥቤ እጄን ልስብ ስል ልጅቱ ኩስኩስቱን አላቀናችም።

«ጋሼ፣ በደንብ ይሹት እንጂ» አለችኝ። «ወጡ ይሸትዎታል።»