የቀኙ ማዳበሪያ ፈቃድ

በሚንጃሯ ከተማችን በአረርቲ ሻይ ቤት ገብቼ በተቀመጥኩ ቁጥር አንገቴን ያመኛል። ጥፋቱ የሻዩ አይደለም፣ የንግድ ፈቃዱ ነው። ሕጉ ነጋዴ ፈቃዱን በግልጽ በሚታይ ቦታ ያስቀምጥ ይላል። የኛ ሰው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከሸንኮራ ዮሐንስ ስዕል ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ኮርኒሱ ሥር በሚስማር ይመታዋል። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሸረሪት ብቻ ናት። አንገቴን ቀና አድርጌ ጉርድ ፎቶዋ የባለቤቷ ትሁን የእህታቸው ለመለየት ስታገል ሻዩ ይቀዘቅዛል።

«እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ ቢልስ?» አልኳቸው ባለቤቷን አንዴ።

«ዝቅ ካለማ ልጆቹ ያወርዱታል። ደግሞስ ማን ያነበዋል ብለህ ነው? ተቆጣጣሪው እንደሆነ ከበሩ ሆኖ ቀና ይልና መኖሩን ያያል፣ በቃ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሥራ ዘርፍ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ እንቅልፍ የለኝም። ፈቃድ የሚሰጠው በመደብ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁጥር አለው። እትዬ ዘንድ ሻይ አለ፣ ፓስታ አለ፣ የሞባይል ካርድ አለ፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ በገበያ ቀን የገበሬ ዕቃ በአደራ ይቀመጣል። ይሄ ሁሉ ስንት ቁጥር ነው? ፈቃድ የሚሰጠው ልጅ በመስኮቱ «ምን ሊሠሩ ነው?» ሲል የምንመልስለት «ያው፣ እንደሚሆነው ነዋ» ነው። እንደሚሆነው የሚል መደብ የለም።

ለመሆኑ ነጋዴ ማነው? የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 5 በ21 ንዑስ ቁጥር ዘርዝሮታል። ሕጉን ዣን ኤስካራ የሚባሉ ፈረንሳዊ ጀምረውት ሲሞቱ ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚንጃርን አህያ ግን በሐሳባቸው እንዳልያዟት እገምታለሁ። አንቀጽ 6 ገበሬ በሚያርሰው መሬት ያመረተውን ቢሸጥ ነጋዴ አይባልም ይላል። ሕጉ በ2013 በአዲስ ቢተካም እኔና ይህች አንቀጽ አልተላቀቅንም።

እንግዲህ አንድ የባልጪ ገበሬ አህያውን ጭኖ ወደ አረርቲ ይመጣል እንበል። በግራ ያለው ማዳበሪያ የራሱ ማኛ ጤፍ ነው። የቀኙን ከአማቹ አውድማ ላይ ገዝቶታል፣ አትርፎ ሊሸጥ። ሰውየው ከግራ ሲያዩት ገበሬ፣ ከቀኝ ሲያዩት ነጋዴ ነው። መንገድ ላይ ጭነቱ ወደ ቀኝ አጋደለ። አቁሞ ሁለት ጣሳ ያህል ከቀኙ ቀንሶ ወደ ግራው ጨመረ፣ አህያዋም ተስተካከለች። አሁን በግራም ነጋዴ ሆነ! ያረሰው በእኩል ከሆነና የባለመሬቱንም ድርሻ አብሮ እንዲሸጥለት ከተላከስ? ማዳበሪያው አንድ፣ ጤፉ አንድ፣ ግማሹ የገበሬ፣ ግማሹ የወኪል። ግብሩን ማን ይክፈል? ፈቃዱስ የት ይሰቀል? አህያዋ ግንባር ላይ እንዳልል፣ በግልጽ የሚታየው ቦታ እሱ ነው።

ይህን እያሰብኩ ስስቅ የ2002ቱን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 686 ገለጥኩና ሳቄ ቆመ። ያለ ፈቃድ የነገደ ሰው ዕቃው መወረሱ ሳይቀር ከ150,000 እስከ 300,000 ብር ይቀጣ ነበር፣ በዚያ ላይ ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ደግሞ ለተራ ስርቆት ቢበዛ 5 ዓመት ነው የሚለው። ያንን የቀኝ ማዳበሪያ የሰረቀ ሌባ ገንዘቡን ከፍሎ ከገዛውና ከሸጠው ሰው ይቀልለት ነበር ማለት ነው። ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የታተመ ነው! ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሴት 7 ዓመት እንደማትታሰር የጻፉትም ያውቁታል። ታዲያ ምን ሊሠራ ተጻፈ? ለማስፈራራት። የሚያስፈራ ወረቀት ደግሞ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው አዋጁ ሳይሆን በር ላይ የቆመው ሰው ነው። እትዬ ፈቃዳቸውን ከስዕሉ ጎን የሰቀሉት በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም እንዲጠብቋቸው ነው።

አዋጁ በ2008 በቁጥር 980 ተተክቷል። ይሁን። ደግሞ መስኮቱ ጀርባ ያለውን ልጅ ሳስበው ንዴቴ ይበርዳል። የፈቃድ እድሳት ያለ ቅጣት የሚቻለው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ። እኛ ታዲያ መች እንሄዳለን? ታህሳስ 30 ነዋ! በዋዜማው ገና ነው። ጠላው ከራስ ሳይወርድ፣ ጤፉ ከአውድማ ሳይነሳ፣ ከተማው ሁሉ የግብር ክሊራንሱን ይዞ ይሰለፋል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ከሰልፈኛው ግማሹ የልጁ አክስት ወይም የክርስትና አባት ነው። ደረጃው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀዋለሁ» ይላሉ። ለዚህም መደብ የለም።

ከሁሉ የተሟላ ወረቀት ያለው የከተማችን ልጅ ሽንብራው ይመስለኛል። አረርቲ የሚባል ዝርያ አለ፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው ያወጣው። ነጭ ነው፣ ፍሬው ፈርጠም ያለ። ለሽሮ ግን ያ ቡናማው፣ ትንሹ ነው የሚሻለው የሚሉ አሉ፣ እናቴም ከእነሱ ወገን ነበረች። እኔ በሁለቱም አልፈርድም፤ የማደላው ለእሸቱ ነው፣ ከነቅጠሉ ታስሮ መንገድ ዳር ለሚሸጠው። ሻጮቹ ልጆች ናቸው። አንድ እስር ስንት ነው አልኳቸው፣ ነገሩኝ። ካምና ጨምሯል፣ እስሩም ቀጥኗል። ምክንያቱን ብጠይቅ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።